ሳጥን የሆነ ፊደል አልጠፋም

ካርቱም ዴም ሰፈር የኖረ ሐበሻ ይህን ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አጋማሽ ኢንተርኔት ቤት ገብተን፣ ሰዓት እየቆጠረብን፣ ከአገር ቤት የመጣውን ኢሜይል ስንከፍት ፊደሉ ሁሉ ባዶ ሳጥን ይሆንብን ነበር። እናት ተሽሏት ይሁን ብሶባት ከሳጥን ማን ያነባል? ብዙ ሰው "ተበላሽቷል" ብሎ ያጠፋው ነበር።

ድረ ገጽ የሚሠራ አንድ የሰፈራችን ልጅ ግን "ጋሼ፣ እንዳያጠፉት! መጀመሪያ በሽታውን እንለይ" ይለኝ ነበር። መሣሪያው ብዙ አይደለም፦ ኖትፓድ፣ ሁለት ዓይነት ብራውዘር፣ ፎንት የያዘ ፍላሽ። ሳጥን ካየ ፊደሉ አለ፣ የጠፋው ፎንቱ ነው፤ ይጭናል። የተዘበራረቀ የላቲን ፊደል ካየ ከብራውዘሩ ሜኑ ኢንኮዲንጉን ወደ ዩቲኤፍ 8 ይቀይራል። እምቢ ካለው ላኪው በድሮ ፎንት ጽፏል ማለት ነው፤ ያንኑ ፎንት ይፈልጋል። ሁለት ነገር ባንዴ አይነካም። እኛም መምህራን ማሠልጠኛ የተማርነው ይኼንኑ ነው፤ ልጁ ሒሳብ ሲሳሳት ከየትኛው መስመር ላይ እንደሳተ ሳታይ ሁሉንም አትሰርዝበትም።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ኮምፒዩተር ፊደልን የሚያውቀው በቁጥር ነው። የድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያዎች የላቲኑን ፊደል ቦታ ወስደው የግእዙን መልክ ይስሉበት ስለነበር፣ በአንዱ የተጻፈ በሌላው አይነበብም። እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ሲወጣ ፊደላችን በዓለም ሁሉ አንድ ዓይነት ቁጥር አገኘ። ሆኖም ዊንዶውስ ኤክስፒ የአማርኛ ፎንት ይዞ አልመጣም፤ ኒያላ የተባለው ፎንት የመጣው ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው።

ከዚያም በፊት ቢሆን ዝም አልተባለም። በ1990ዎቹ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ አማርኛን በላቲን ፊደል መጻፊያ ሥርዓት አውጥተው ነበር። በእንግሊዝኛ አጠራሩ "ሴራ" ይባላል፤ ስሙ ሴራ ይሁን እንጂ ተንኮል የለበትም! ፊደላችን ኮምፒዩተር ውስጥ የገባው እንዲህ ባሉ ሰዎች ድካም ነው።

ይህን ዛሬ ማንሳቴ ያለ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 2023 ጦርነቱ ካርቱም ላይ ሲፈነዳ ብዙ ወገን ወረቀቱን ጥሎ ነው የወጣው። ለአንዳንዱ የቀረው በኢሜይልና በፍላሽ ያለው ብቻ ነው፦ የትምህርት ማስረጃ፣ የሟች አባት ደብዳቤ። ስትከፍቱት ዝብርቅርቅ ካለባችሁ አትደምስሱት። መጀመሪያ ሌላ ቅጂ አስቀምጡ፤ ቀጥሎ ሳጥን ነው ወይስ ላቲን ብላችሁ ለዩ፤ ከዚያ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ። የተነበበላችሁን ደግሞ በዩኒኮድ ገልብጣችሁ አኑሩት፤ ልጆቻችሁ የትም አገር ቢሆኑ እንዲያነቡት።

ሰላሙን ያምጣልን።