በእህቴ ስም ያለው ቤት

ለፍቺ ጉዳዬ ሶሊሲተር ያልያዝኩት ገንዘብ ስላልነበረኝ ነው እያልኩ ለጠየቀኝ ሁሉ ተናግሬያለሁ። ውሸት አይደለም፤ ግን ግማሹን ብቻ ነው የተናገርኩት። ለንስሐ አባቴ እንኳ ያላወጣሁትን ሌላውን ግማሽ ዛሬ እጽፈዋለሁ።

አገር ቤት ጠበቃ ያው ጠበቃ ነው፤ ክሱን ይጽፋል፣ ችሎት ቆሞም ይከራከራል። እንግሊዝ ውስጥ ሥራው ለሁለት ተከፍሏል። ሶሊሲተሩ ደንበኛውን ተቀብሎ፣ ማስረጃ ሰብስቦ፣ ከሌላው ወገን ጋር ተጻጽፎ ፋይሉን ያደራጃል፤ ባሪስተሩ ደግሞ በአብዛኛው ዳኛ ፊት ቆሞ ይከራከራል፣ የሕግ አስተያየት ይሰጣል። እ.ኤ.አ. ከ2004 ጀምሮ ግን ለዚህ የተለየ ሥልጠና የወሰደ ባሪስተር፣ ሶሊሲተር ሳያስፈልግ ከማንኛውም ሰው ጉዳይ በቀጥታ መቀበል ይችላል።

የፍቺያችን የንብረት ክፍፍል ፍርድ ቤት ሲደርስ እኔ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ የሌሊት ተረኛ ነበርኩ። የመንግሥት የጥብቅና ድጋፍ እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ፣ የቤት ውስጥ ጥቃት ማስረጃ ከሌለ በቀር፣ እንደኔ ላለው ክርክር በአብዛኛው ቀርቷል። የሶሊሲተር ሂሳብ ደግሞ ስልክ በተነሳ ቁጥር በስድስት በስድስት ደቂቃ እየተቆጠረ ይመጣል። በቀጥታ የያዝኳት ባሪስተር ግን ለምክክሩ ይህን ያህል፣ ለችሎቱ ይህን ያህል ብላ አስቀድማ ቆረጠችልኝ። ለሰው የምናገረው ምክንያት ይኼ ነው።

ሌላው ግማሽ አዲስ አበባ፣ ጀሞ ያለው ኮንዶሚኒየም ነው። በታላቅ እህቴ ስም ነው። ብሩ ግን የእኔ ነው፤ የእቁብና የትርፍ ሰዓት ብር። የልጆቼ አባት አያውቅም ነበር። እናታችን ከአባታችን ቤት ልብሷን ብቻ ይዛ ስትወጣ አይቻለሁና፣ ገና ሳገባ ጀምሮ የራሴ የምለው ጣሪያ እንዲኖረኝ እፈልግ ነበር። ሶሊሲተር ፊት ለፊቴ ተቀምጦ ስለ እያንዳንዱ ሳንቲም ይመረምረኛል ብዬ ፈራሁ። ባሪስተሯ ግን የምታነበው እኔ ያዘጋጀሁትን ወረቀት ነው። እኔ የፈለግኩትን ያህል ብቻ ታውቃለች አልኩ።

ሥራ ከመጀመሯ በፊት የላከችልኝ ደብዳቤ የማታደርገውንም በግልጽ ይዘረዝራል፤ ፍርድ ቤት ሰነድ አታስገባም፣ ከሌላው ወገን ጋር መጻጻፉን አትረከብም፣ ለፍርድ ቤት የሚከፈል ገንዘብም በእጇ አታስቀምጥም። ይኼ ሁሉ የእኔ ሥራ ሆነ። ልጆቹ ሲተኙ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ፎርም ኢ የተባለውን ረጅም የንብረት መግለጫ ዘርግቼ እሞላለሁ። ከእሱ ጋር የአሥራ ሁለት ወር የባንክ ወረቀት ይያያዛል። በየወሩ መጨረሻ ወደ አዲስ አበባ የተላከው ብር በእህቴ ስም ተደርድሯል፤ አንደኛው ወር ላይ መጠኑ ከሌላው ሁሉ ይበልጣል። ያቺን ገጽ ከክምሩ አውጥቼ ለብቻዋ አስቀመጥኳት። ግን ባንኩ ገጾቹን ራሱ ቆጥሯቸዋል፤ አንዱ ቢጎድል ወዲያው ይታወቃል። መለስኳት። የመለሰኝ የገጹ ቁጥር እንጂ ሕሊናዬ አልነበረም።

እህቴ ዘንድ ደወልኩ። «ምን ላድርግ እትዬ?» አልኳት።

«ቤቱ በስሜ ነው፤ ማን ይጠይቅሻል? ለማን ብለሽ ነው የምታወጪው?» አለችኝ። ደስ አለኝ። ልሰማ የፈለግኩት ይህንኑ ነበር።

በምክክሩ ቀን ባሪስተሯ ብዙም ሳትቆይ «ይህ በየወሩ የሚላከው ምንድን ነው?» አለች። ለቤተሰብ ነው ልል አፌን ከፈትኩና ነገርኳት። የተናገርኩት ከእሷ እንደማይወጣ ካረጋገጠችልኝ በኋላ ነገሩን አስረዳችኝ። ፍርድ ቤቱ የሚያየው ካርታው ላይ የተጻፈውን ስም ብቻ ሳይሆን ገንዘቡ ከማን ወጣ፣ ቤቱስ በእውነት የማን ነው የሚለውን ነው። ፎርሙ መጨረሻ ላይ እውነት ነው ብዬ እፈርማለሁ፤ አውቄ ብዋሽ ችሎት በመድፈር ልጠየቅ እችላለሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የዩናይትድ ኪንግደም ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሻርላንድንና የጎሂልን ጉዳይ አይቶ፣ ባሎቹ ስለ ሀብታቸው እውነቱን ባለመናገራቸው ያለቁ የተባሉ ስምምነቶች እንደገና እንዲታዩ አድርጓል። «ቤቱን ካልጻፍሽው፣ እኔ ልቆምልሽ አልችልም፤ ዳኛ ማሳሳት አይፈቀድልኝም» አለችኝ።

ጻፍኩት። ከዚያ በኋላ ግን ራሴን መመርመሩ አልቀረልኝም። እውነት ወድጄ ነው ወይስ ፈርቼ? በመጀመሪያ ፈርቼ ነው። የከበደኝ ደግሞ ሌላ ነው፤ በዚያው ሰሞን እኔ ራሴ የልጆቼ አባት ጡረታውን እስከ መጨረሻዋ ፓውንድ እንዲያሳውቅ በጽሑፍ እየጠየቅሁ ነበር። እየደበቀ ነው ብዬ ለጓደኞቼ አልቅሻለሁ። በእሱ ላይ የማልታገሰውን ለራሴ «የእናት ጥንቃቄ» ብዬ ስም አውጥቼለት ነበር። አሁንም ፍርሃቴ ከንቱ ነበር አልልም፤ ሴት ልጅ መጠጊያ መፈለጓ ተገቢ ነው። እውነት ነው ብዬ በምፈርምበት ወረቀት ላይ መደበቁ ግን የእሱን መብት መቀማት ነበር፤ ለሚስትነቴ ፍትሐዊ ድርሻ የሚሰጠኝም ያው ሕግ ነው።

ጉዳዩ በዳኛ ፊት በስምምነት አለቀ። ቤቱ ከድርሻዬ ላይ ተቆጠረ፤ ከእጄ ግን አልወጣም።

እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ በቀጥታ ባሪስተር ለመያዝ ለምታስቡ፤ መንገዱ ጥሩ ነው፣ ወረቀቱን ራሱ መያዝ ለሚችል ሰው ብዙ ወጪ ያቀልላል። ባሪስተሩ በቀጥታ ጉዳይ ለመቀበል የተፈቀደለት መሆኑን በባር ስታንዳርድስ ቦርድ መዝገብ ላይ አረጋግጡ፤ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ የሚገልጸውን ደብዳቤም ሳታነቡ አትፈርሙ። በእህት ወይም በወንድም ስም የተገዛ ቤት ካላችሁ ደግሞ በመጀመሪያው ምክክር፣ ሳትጠየቁ ተናገሩ።