ያልተበጠሰችው ሽቦ

አዲስ አበባ ውስጥ ከአባቴ የወረስኩት ቤት የጭቃ ግድግዳና የአቡጀዲ ኮርኒስ ያለው ነው። የመብራቱ መስመር ከጎማው በላይ ጨርቅ የለበሰ፣ በነጫጭ ሸክላዎች ላይ የተወጠረ የድሮ ገመድ ነበር፤ ለጥቂት አምፖሎችና ለአንድ ራዲዮ ታስቦ የተዘረጋ። የጓሮውን ክፍል ልጆች ላሏት ሴት ሳከራይ ይህን አልነገርኳትም። አልጠየቀችኝም ማለት እችላለሁ፤ ግን ምን ብላ ትጠይቀኝ?

እንጀራ በጋገረች ቁጥር ፊውዝ ይቃጠል ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣድ በ220 ቮልት ብቻውን 16 አምፒር ገደማ ይስባል፤ ቀጭኗ የፊውዝ ሽቦ የተሠራችው ደግሞ ገመዱ ሳይግል ቀድማ እንድትበጠስ ነው። ይህን አውቅ ነበር። እያወቅኩ ከተጣለ ገመድ መዳብ መዝዤ፣ ደርቤ አሰርኩበት። መብራቱ መጥፋቱን ተወ። "ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ" አለችኝ። ምርቃቱን ተቀበልኩ።

ለገንዘብ ሰስቼ ነው ብል እውነት ነው፤ ግን እውነቱ ያ ብቻ አይደለም። ሰፈሩ ለልማት ይፈርሳል ይባል ስለነበር በፈራሽ ቤት ላይ ወጪ ማውጣት ሞኝነት መሰለኝ። እስኪፈርስ ድረስ ሰው እንደሚያድርበት ረሳሁ። ረሳሁም አልልም፤ ላስበው አልፈለግኩም። ምጣዱ እንደሚነዝራት ስትነግረኝም "የላስቲክ ጫማ አድርጊ" አልኳት። መስመሩ የመሬት ሽቦ እንደሌለው እያወቅኩ።

አንድ ምሽት የተቃጠለ ጎማ ሸተተን። የመጣው ኤሌክትሪሻን አቡጀዲውን ቀዶ አሳየኝ፤ የገመዱ ሽፋን ቀልጦ ተንጠባጥቧል፣ የተደገፈበት እንጨት ከስሏል። ከሥሩ የልጆቹ ፍራሽ ተነጥፏል። ቀጥሎ ፊውዙን ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠው። እኔ ያሰርኳት ሽቦ ምንም አልሆነችም፤ መልኳ እንኳ አልተለወጠም። እስከዚያች ደቂቃ ጥፋቱን በአሮጌው ገመድ አሳብብ ነበር። መበጠስ የነበረባት እሷ ነበረች፤ እንዳትበጠስ ያደረግኳት እኔ ነኝ።

ተከራዬ አልተቆጣችኝም፤ ልጆቿን ይዛ ወጣች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር ልል ነበር፤ ግን በዚህ ጉዳይ ለእኔ የሚሻለኝን መፈለግ የእኔ ድርሻ አይደለም።

መስመሩን በሳምንቱ አስቀየርኩ። ለምጣድ የተለየ ወፍራም ገመድ፣ ብሬከርና የመሬት ሽቦ ገባለት። ገንዘቡ ቀድሞም ነበረኝ።