ዝም ብላ ያቃጠለችው ፎቶግራፍ

ክሎድ ሻብሮል እ.ኤ.አ. በ1969 የሠራውን «ከዳተኛዋ ሚስት» የተሰኘ የፈረንሳይ ፊልም ካየሁ በኋላ ለቀናት ራሴን ስታዘብ ሰነበትኩ።

ሻርል ሚስቱ ኤሌን ውሽማ መያዟን ይደርስበታል። አይጮህም፤ አይደነፋም። የሰውዬውን ቤት አንኳኩቶ ይገባል፤ መጠጥ ይቀርብለታል፤ እንደ ወዳጅ ያወጋሉ። ድንገት ግን ዓይኑ መኝታ ክፍሉ ውስጥ አንድ ዕቃ ላይ ያርፋል፤ ለጋብቻቸው መታሰቢያ ለሚስቱ የሰጣት ትልቅ የሲጋራ መለኮሻ። ፊቱ ይገረጣል፤ ሐውልት አንሥቶ ይመታዋል። ክህደቱን የታገሠ ልብ የስጦታውን መርከስ መታገሥ አቃተው።

ሬሳውን ኩሬው ቶሎ አልውጥ አለው። ቀስ እያለ ሲሰጥም፣ ትንፋሼን ውጬ «ቶሎ ስጠም!» ስል ራሴን ያዝኩት። ለካስ ከነፍሰ ገዳዩ ጋር ወግኜ ኖሯል።

ኋላ ኤሌን ከባሏ ኮት ኪስ የውሽማዋን ፎቶግራፍ ታገኛለች። ሁሉም ይገባታል። ወደ ፖሊስ ትሮጣለች ብዬ ስጠብቅ፣ ፎቶግራፉን ታቃጥለዋለች፤ ወደ ባሏም ተመልሳ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ ታየዋለች። በአንድ ጣራ ሥር ተራርቀው የኖሩት ባልና ሚስት የተገናኙት በዚያ አመድ ላይ ነው።

በመጨረሻ ፖሊሶቹ ሲመጡ ሻርል ወደ እነርሱ ይራመዳል። ካሜራው ከሚስቱና ከልጁ ወደ ኋላ እየሸሸ፣ ሌንሱ ደግሞ ወደ እነርሱ ይስባል፤ መራቅና መቅረብ በአንድ ቅጽበት።

በዚህ ፍቅር ልቤ ተነካ። ያስፈራኝም እርሱ ነው፤ ኩሬው ሥር የቀረውን ሰው ከኤሌን ቀድሜ እኔ ረስቼው ነበር።