ቁጥሩ እስኪዛወር ድረስ



የጀመዓችን ስልክ ቁጥር ከሁላችንም በላይ ግቢው ውስጥ ቆይቷል። ተማሪ ይመረቃል፣ ተጠሪ ይቀየራል፤ ቁጥሩ ግን ከእጅ ወደ እጅ ይተላለፋል። ከአገር ቤት የሚመጣ አዲስ ተማሪ ደብተሩ ላይ ጽፎት የሚመጣው፣ ለጁሙዓ መኪና ያጣ የሚደውልበት እሱ ነው። ስለዚህ በዚህ ሴሚስተር ዋጋው ወደሚቀል የስልክ ድርጅት ለመሄድ ስንወስን፣ ቁጥሩን ይዘን መሄዳችን አላከራከረንም።

እዚህ አሜሪካ ይህ መብት ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው የቴሌኮም ሕግ ሲሆን፣ ለሞባይል ከኖቬምበር 2003 ጀምሮ ይሠራበታል። በደንቡ መሠረት ቀላል ዝውውር በአንድ የሥራ ቀን ማለቅ አለበት። የእኛ ግን ሐሙስ ተጀምሮ ማክሰኞ ማታ አለቀ።

መስመሩን መጀመሪያ ያወጣችው እህታችን ከተማ ስትቀይር አድራሻዋን አስለውጣ ነበር። የቀድሞው ድርጅት መዝገብ ላይ ግን አሮጌው ዚፕ ኮድ እንዳለ ቀርቷል። በዚህ ምክንያት ጥያቄያችን «መረጃው አይገጥምም» ተብሎ ተመለሰ። ይህን ያወቅነው ቅዳሜና እሑድ ካለፉ በኋላ ነው፤ እስከዚያ የሚሰጠን መልስ «በሂደት ላይ ነው» የሚል ብቻ ነበር። ሰኞ አስተካክለን እንደገና ላክን። አዲሱ ሲም ወዲያው መደወል ቻለ፤ ጥሪ መቀበል ግን እስከ ማክሰኞ ማታ አልቻለም።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ወንድማችን ከአዲስ አበባ ደለስ አየር ማረፊያ ገባ። የአሜሪካ ስልክ አልነበረውም። አንድ ሐበሻ ባለታክሲ ስልኩን አውሶት ሦስት ጊዜ ደወለ፤ አልገባም። ባለታክሲው ራሱ ግቢ ድረስ አምጥቶ፣ የሶላት ክፍላችንን ጠይቆ አስረከበን። ሒሳብ ስንሰጠው «ተዉት» ብሎ ሄደ። አላህ ይስጠው። ድርጅቶቹ ቀኑን በሥራ ቀን ይቆጥራሉ፤ ሻንጣውን ይዞ የቆመ እንግዳ ግን እንደዚያ መቁጠር አይችልም።

ቁጥራችሁን ልታዛውሩ ካሰባችሁ እነዚህን ያዙ። ከቀድሞው ድርጅት የአካውንት ቁጥር፣ የዝውውር ፒን እና መዝገቡ ላይ ያለውን ስምና ዚፕ ኮድ ጠይቁ፤ የአካውንት ቁጥሩ ብዙ ጊዜ ከስልክ ቁጥሩ የተለየ ነው። መስመሩ ተቆልፎ ከሆነ አስከፍቱ። ዝውውሩ ሳያልቅ አሮጌውን መስመር አትሰርዙ፤ ከተሰረዘ ቁጥሩ ሊጠፋ ይችላል። ሐሙስ ወይም ዓርብ ሳይሆን ሰኞ ጀምሩ። የባንክና የዩኒቨርሲቲ የይለፍ ኮድ በዚያ ቁጥር የሚመጣላችሁ ከሆነ ሌላ መንገድ አስቀድማችሁ አዘጋጁ። በዚያ መሐል 911 ብትደውሉ መልሰው ሊያገኟችሁ ላይችሉ ስለሚችሉ፣ ያላችሁበትን ቦታ ቶሎ ተናገሩ።

ያልተከፈለ ሒሳብ ቢኖርባችሁም የቀድሞው ድርጅት ቁጥሩን ሊይዝባችሁ አይችልም። ዕዳው ግን አብሮ አይሰረዝም፤ የሰው ሐቅ ነውና ክፈሉት።

እኛም ከእንግዲህ ኃላፊነት ስንረካከብ የመስመሩን መዝገብ አብረን እያየን እንፈርማለን። በሚቀጥለው ሴሚስተር ለሚመጡ ተማሪዎች የምንልከው ደብዳቤ ላይም ሁለተኛ ቁጥር ይኖራል፣ ኢንሻአላህ።