ዝምተኛው ሕመም

ስለ ጥርስ ጤና ሲነሣ፣ ጥርስን አቅፎ የያዘውን ድድ የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። የተቦረቦረ ጥርስ እንቅልፍ ነሥቶ ያሳድራል፤ የታመመ ድድ ግን ለብዙ ጊዜ ሥቃይ ሳያሰማ ሊቆይ ይችላል። እኔም ለድድ ትኩረት መስጠት የጀመርኩት የአንድ የሥራ ባልደረባዬን ዕጣ ካየሁ በኋላ ነው።

እኒህ ሰው አማርኛ ያስተምሩ ነበር። ግጥም ሲያነቡ ክፍሉ ጸጥ ይላል። ጥርሳቸውን ሲፍቁ መፋቂያው ደም ይነካ ነበር፤ እርሳቸው ግን «እንጨቱ ጠንክሮብኝ ነው» ብለው መፋቁን ተዉት። ከዓመታት በኋላ ድዳቸው ሸሸ፤ የአፋቸው ጠረን ተለወጠ። ሃምሳ ዓመት ሳይሞላቸው፣ አንድም ቀዳዳ ያልነበረባቸው አራት የፊት ጥርሶቻቸው እየተነቃነቁ ወለቁ። ከዚያ ወዲህ «ሰ»ንና «ፈ»ን አጥርቶ መጥራት አቃታቸው፤ ግጥሙንም ተማሪ እንዲያነበው ያዝዙ ጀመር። ሲስቁም አፋቸውን በእጃቸው ይሸፍናሉ። የድድ በሽታ ከጥርስ ጋር ንግግርንና ሣቅንም እንደሚወስድ ያን ጊዜ ተረዳሁ።

የበሽታው መነሻ ቀላል ነው። በጥርስና በድድ መጋጠሚያ ላይ ባክቴሪያ የሞላበት ለስላሳ ቆሻሻ በየቀኑ ይጋገራል። ካልተጠረገ በምራቅ ውስጥ ባለው ማዕድን እየጠነከረ እንደ ድንጋይ ይሆናል፤ ከዚያ በኋላ በሐኪም መሣሪያ እንጂ በመፋቂያ አይነሣም። ድዱ ይቀላል፣ ያብጣል፣ ይደማል። በዚህ ደረጃ ሳለ ሊድን ይችላል። ችላ ከተባለ ግን በሽታው ወደ ውስጥ ዘልቆ ጥርሱ የተተከለበትን አጥንት ይበላል፤ የተበላውም አጥንት በራሱ አይተካም። ትምባሆና የስኳር በሽታ ጉዳቱን ያባብሱታል።

ሐራልድ ሎ የተባሉ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው በዴንማርክ አገር ያደረጉትን ሙከራ እ.ኤ.አ. በ1965 አሳትመዋል። ድዳቸው ጤነኛ የነበረ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን ማጽዳት ሲያቆሙ፣ ከ10 እስከ 21 ባሉት ቀናት ውስጥ የሁሉም ድድ ታመመ። ማጽዳት ሲጀምሩ ግን በሳምንት ገደማ ዳነ። እንግዲህ ድድ ሲደማ መፋቅን መተው በሽታውን መቀለብ ነው።

በአገራችን የወይራ መፋቂያ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጫፉን አኝኮ አለስልሶ፣ ድድን ሳይቧጭሩ መጋጠሚያውን በየቀኑ ማጽዳት ይገባል። ድዳቸውን የተነቀሱ እናቶቻችን ቅላቱ በቀላሉ ስለማይታያቸው ደሙን ማስተዋል አለባቸው። ደሙ ካልቆመ ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል። አበው «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ያሉት ለእንዲህ ያለው ሕመም ጭምር ነው።

መልመጃ
ሀ. መምህሩ ድዳቸው ሲደማ የሰጡት ምክንያት ትክክል ነበርን? አስረዱ።
ለ. «ሸሸ» የሚለው ግሥ በምንባቡ ውስጥ ምን ትርጉም አለው? በሌላ ትርጉሙ ዓረፍተ ነገር ሥሩበት።