ለሊድስ ዋንጫ ያላመጣው አለቃ

የምርጥ ተከላካዮች ክርክር ሲነሳ የሚጠሩት ያው የለመድናቸው ናቸው፤ ማልዲኒ፣ ባሬዚ፣ ካናቫሮ። እኔ «ሉካስ ራዴቤ» ስል ዲኤስቲቪ ቤት አብረውኝ የሚቀመጡት ልጆች «ስንት ዋንጫ በልቷል?» ብለው ያፈጡብኛል።

ሊድስ ዩናይትድ ውስጥ አስራ አንድ ዓመት ኖሮ አንድም አልበላም። እሺ፣ ከሀገሩ ጋር በ1996 የአፍሪካን ዋንጫ በልቷል። (ቁጥሮቹ በፈረንጅ ናቸው።) ግን እኔን የሚገርመኝ ሌላ ነው።

ራዴቤ የሶዌቶ ልጅ ነው። ረብሻው ሲበዛ ወላጆቹ ከከተማው አራቁት። እዚያም በረኛ ሆኖ ጀመረ። በ1991 ለካይዘር ቺፍስ እየተጫወተ ሳለ ሶዌቶ ውስጥ በጥይት ተመትቶ ለጥቂት ተረፈ። በ1994 ሊድስ ሲገባ በዋናነት የተፈለገው አጥቂው ፊል ማሲንጋ ነበር ይባላል፤ ራዴቤ ጓደኛው እንዳይከፋው እንደ ምርቃት የተጨመረ ነው። ምርቃቱ ከዕቃው በለጠ!

ሚያዝያ 1996 ኦልድ ትራፎርድ ላይ የሊድስ በረኛ በቀይ ወጣ፤ ተጠባባቂ በረኛ አልነበረም። ጓንቱን ያጠለቀው ራዴቤ ነው። ለዋንጫ የሚሮጠውን ማንቸስተር ዩናይትድን እየዘለለ፣ እየወደቀ ሲያስጨንቅ ቆይቶ በሮይ ኪን ጎል 1 ለ 0 ተሸነፉ። ሽንፈት ነው፤ ግን የሊድስ ሰው እስከ ዛሬ ያወራዋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከራዴቤ በፊት፣ በ1960ዎቹ፣ ሊድስ ሌላ ጥቁር ደቡብ አፍሪካዊ ነበረው፤ የክንፍ ተጫዋቹ አልበርት ጆሃንሰን። በ1965 የኤፍኤ ካፕን ፍጻሜ ተጫውቷል። በየሜዳው በቀለሙ ተሰድቧል። በ1995 እዚያው ሊድስ ውስጥ ደህይቶ፣ ብቻውን ሞተ። በ1980ዎቹም የሊድስ ሜዳ፣ ኤላንድ ሮድ፣ በዘረኛ ደጋፊዎቹ ስሙ የጠፋ ነበር።

ራዴቤን በ1998 አምበል ያደረገው ይኸው ክለብ ነው። «ቺፍ» አሉት፤ አለቃ እንደማለት። ጆሃንሰን እኮ ኳስ አላነሰውም፤ ያነሰው ሌላ ነገር ነው። ራዴቤ ብቻውን ከተማውን ለወጠ አልልም፤ ዘረኝነትን የተቃወሙ የራሱ የሊድስ ደጋፊዎችም ነበሩ። ቢሆንም ሕፃናት አባታቸው ትከሻ ላይ ሆነው የሚዘምሩለት ጥቁር አምበል ቀላል ነገር አይደለም። ፊፋም ለፀረ ዘረኝነትና ለሕፃናት ሥራው በ2000 የፌር ፕሌይ ሽልማት ሰጥቶታል።

ከዚያ ጉልበቱ አስቸገረው፤ ክለቡም በእዳ ተዘፍቆ በ2004 ወረደ። ኮከቦቹ ሲበተኑ አለቃ ቀረ። የሊድስ የሙዚቃ ባንድ፣ ያውም ጎረምሶች፣ በቀድሞ ክለቡ ስም ራሱን «ካይዘር ቺፍስ» ብሎ ሰየመ።

ግንቦት 2005 የስንብት ጨዋታው ተደረገ። ሊድስ ያኔ ሁለተኛ ዲቪዚዮን ነው፤ ገንዘብ የለው፣ ዋንጫ የለው። ኤላንድ ሮድ የገባው ሕዝብ ወደ 38 ሺህ ይጠጋል።