የልጓሙ ብር ሲጠቁር

ከአያት የተወረሰ ልጓም ለበዓል ሲወጣ፣ የጠቆረው የብር ጌጡ በአመድና በአሸዋ ሲፈተግ ሳይ አንጀቴ ያርራል። ጥቁረቱ እኮ ተራ እድፍ አይደለም። በአየር፣ በፈረሱ ላብና በሱፍ ውስጥ ያለው ድኝ ከብሩ ጋር ተዋሕዶ የሠራው ስስ ሽፋን ነው። አሸዋው ግን ከሽፋኑ ጋር አንጥረኛው የቀረጸውን ሐረግም ይዞት ይሄዳል። ያን ማን ይመልሰዋል?

ብዙው የድሮ ጌጥ ጠገራ ብር ቀልጦ የተሠራ ነው። የማርያ ትሬዛው ጠገራ ከ1000 እጅ 833ቱ ብር፣ ቀሪው መዳብ ነው። ቅባት የጠጣ ቆዳ መዳቡን ሲነካ አረንጓዴ፣ ሰም መሳይ ነገር ያወጣል። እሱን በእንጨት ስንጥር ቀስ ብሎ ማንሣት ነው።

ከቆዳው የሚነቀለውን ጌጥ፣ ፎይል በተነጠፈበት ሳህን ሙቅ ውኃና ቤኪንግ ሶዳ አድርጎ ፎይሉን እንዲነካ መንከር ይቻላል፤ ድኙ ብሩን ትቶ ወደ አሉሚኒየሙ ይሄዳል። ቅርጽ ለበዛበት ጌጥ ግን እኔ አልመርጠውም፤ በጎድጓዳው ያለውን ጥላ ጭምር ያጥበዋል፣ ሐረጉ ደግሞ የሚታየው በዚያ ጥላ ነው። የላመ ጠመኔ በውኃ ለውሶ፣ ቆዳውን ሳያስነኩ በጥጥ ጨርቅ ማሸት ይሻላል። በቆዳ ላይ የተሰፋውንማ ፈጽሞ አትንከሩት!

ከግልቢያ በኋላ ላቡን ጠርጋችሁ፣ አድርቃችሁ፣ በታጠበ አቡጀዴ ጠቅልሉት። በሱፍ ወይም በጎማ ማሰሪያ አይሁን፤ ሁለቱም ድኝ አላቸው።